«የአድዋ ድል ብር» ተብሎ ለጨረታ ስለቀረበው የምኒልክ ብር

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አባቴ በመጪው የካቲት 70 ዓመት ይሞላቸዋል። እናታቸው በአንገታቸው ያደርጉት የነበረው የምኒልክ ብር በ1977ቱ ድርቅ ወሎ ውስጥ በእህል ተለውጦ መቅረቱን እስከ ዛሬ ያነሣሉ። ለልደታቸው አንድ ልገዛላቸው ብዬ ሁለት ጊዜ በኢንተርኔት ጨረታ ተወዳድሬ ሁለቱንም ጊዜ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ተነጠቅሁ። አሁን ‹ብርቅዬ የአድዋ ድል ብር፣ 1887› የሚል አንድ አግኝቻለሁ። ሊዘጋ አራት ቀን ቀርቶታል። ፎቶው ሁለት ብቻ ነው፤ ክብደቱ አልተጻፈም፤ ቁጥሩን ሳየው ደግሞ ፲፰፻፹፱ ይመስለኛል። ጠቅላላ አቅሜ 400 ዶላር ነው። ልግባበት? የአክሱም ሳንቲሞችም ሲሸጡ አያለሁ፤ እነሱስ ይሻሉ ይሆን?»

ምላሽ፦ ቁጥሩን ያነበቡት እንደነገሩኝ ከሆነ፣ ከሻጩ ይልቅ እርስዎ ሳንቲሙን ያውቁታል። መጨረሻ ላይ ያለው ምልክት ፱ ከሆነ ዓመቱ 1889 ነው፤ 1887 ቢሆን ኖሮ ፯ ይታይ ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች ግዕዝ ለማያነብ ሰው፣ በተለይ ሳንቲሙ ካረጀ፣ እጅግ ይመሳሰላሉ። ሻጮች ፪ን ከ፭፣ ፹ን ከ፺ ሲያምታቱም ዘወትር አያለሁ። ስለዚህ ስሕተቱ ብቻውን ሻጩን አታላይ አያሰኘውም። ምናልባት ከሌላ ሻጭ መግለጫ ገልብጦ ይሆናል፤ ምናልባትም ከሟች አጎቱ መሳቢያ ያገኘውን የሚሸጥ ሰው ነው።

«የአድዋ ድል ብር» የሚለው ግን የገበያ ጨዋታ ነው። የአድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። 1887 የሚል ቁጥር ያለው ብር ከድሉ በፊት ያለውን ዓመት ይዟል፤ 1889 የሚለው ከድሉ በኋላ ያለውን። ሁለቱም መታሰቢያ አይደሉም፤ ለመገበያያ የተቀረጹ ናቸው። አንዳንድ ሻጭ ደግሞ 1887ን እንደ ፈረንጅ ዓመት ቆጥሮ «ከአድዋ ዘጠኝ ዓመት በፊት» ብሎ ይጽፋል፤ የእኛ 1887 ግን የእነርሱ 1894 እና 1895 ነው። ይህን ሁሉ የምለው ታሪክ ለማስተማር አይደለም። በዚህ ገበያ ላይ ግዕዝ ቁጥር ማንበብ የገንዘብ ዋጋ ያለው ዕውቀት ነው፤ እርስዎ ደግሞ በነጻ ይዘውታል። ሁለት ጊዜ የተነጠቁት ዕውቀት አንሶዎት አልነበረም፤ የተነጠቁት በሰዓቱና በሒሳቡ ነው። ወደ እሱ እንመጣለን።

መጀመሪያ ግን ሳንቲሙ ራሱ። ባለ አንድ ብሩ የምኒልክ ብር 28.075 ግራም ይመዝናል፤ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከሺው 835ቱ እጅ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። በፓሪስ ማተሚያ ቤት ሲሠራ ክብደቱና ስፋቱ ሆን ተብሎ ከጠገራ ብር፣ ማለትም ከማሪያ ትሬዛ ብር፣ ጋር እንዲቀራረብ ተደርጓል፤ ሕዝቡ የለመደው እሱን ስለ ነበር። ያም ሆኖ ነጋዴውም ገበሬውም ጠገራውን መረጠና ምኒልክ የራሳቸው መልክ ያለበት ብር ጠገራውን ከገበያ ሳያስወጣው ቀረ። በዘውዱ በኩል ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ደፍተው ይታያሉ፤ በጎፈሩ በኩል ደግሞ ዘውድ የጫነ አንበሳ መስቀል ያለበት በትር ይዞ ቆሟል። የአንበሳው ግራ የፊት እግር የተነሣበትና ቀኙ የተነሣበት ሁለት ዓይነት አለ፤ ሁለቱም እውነተኛ ናቸውና የአንዱን ፎቶ ከሌላው ጋር አስተያይተው «ሐሰተኛ ነው» ብለው እንዳይደነግጡ። ከአንዱ ብር በታች አላድ (ግማሽ ብር)፣ ሩብና ተሙን (የብር አንድ ስምንተኛ) አሉ፤ አንዳንድ ሻጭ የአላድን ፎቶ ለብቻው አጉልቶ ያቀርብና ገዢው ሙሉ ብር የገዛ ይመስለዋል። ስፋቱን መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሁን ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቁት፤ ዛሬውኑ፣ በጨረታው ገጽ በኩል፣ በጽሑፍ። ክብደቱ እስከ መቶኛ ግራም ስንት ነው? ስፋቱስ? ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ የጠርዙን ፎቶ፣ በተለይ ከንጉሡ ራስ በላይ ያለውን ክፍል፣ በቅርብ አንሥቶ እንዲልክልዎ። ሐቀኛ ሻጭ ኩሽና ውስጥ ያለች ሚዛን ተውሶም ቢሆን ይመልሳል። «ሚዛን የለኝም፤ ፎቶው በቂ ነው» ካለ መልሱን ሰጥቶዎታል፤ ይለፉት።

ጠርዙ ላይ ለምን ሙጭጭ አልሁ? የእርስዎ አያት ብሩን በአንገታቸው ያደርጉት እንደ ነበር ነግረውኛል። እርሳቸው ብቻ አልነበሩም። በሀገራችን የጠገራውም የምኒልክ ብርም ብዛት ያለው ክፍል በአንጥረኛ እጅ አልፏል። ግማሹ ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆኗል፤ ግማሹ ከላዩ ቀለበት ተበይዶበት የአንገት ጌጥ ሆኗል። ቀለበቱ በኋላ ሲነቀል ጠርዙ ላይ ትንሽ ጠባሳ፣ አንዳንዴም የብየዳ ግራጫ ነጠብጣብ ይቀራል። ሻጩ ፎቶውን ሲያነሣ ያንን ቦታ በጣቱ ይሸፍነዋል ወይም በጥላ ይደብቀዋል። እኔ ራሴ በሥራው ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ያማረ የምኒልክ ብር ከአንድ የአውሮፓ ጨረታ ቤት ገዝቼ፣ ሳንቲሙ ሲደርሰኝ ከዘውዱ በላይ ሁለት የመሞረጃ ጥርሶች አገኘሁበት። መግለጫው ላይ «የጠርዝ ጉድለት» የሚሉ ሁለት ቃላት በትናንሽ ፊደል ተጽፈው ነበር። አላነበብኋቸውም ነበርና ማንንም ልከስ አልቻልሁም።

ቀጥሎ መታጠብ። ብር በጊዜ ብዛት ይጠቁራል፤ ሰብሳቢዎች ያንን ጥቁረት ይወዱታል፤ ዋጋም ይሰጡታል። እናቶቻችን ግን ጌጣቸውን በአመድና በሎሚ እየፈተጉ ያነጹ ነበር፤ እጃቸው ይባረክ እንጂ ለሳንቲም ሰብሳቢ ያ ትልቅ ጉዳት ነው። የታጠበ ሳንቲም በፎቶ ሲያዩት እንደ አዲስ ሳህን ያብረቀርቃል። ቀረብ አድርገው ሲያዩት ግን በሜዳው ላይ፣ ማለትም ምስል በሌለበት ለስላሳ ቦታ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የተኙ ቀጫጭን ጭረቶች ይታያሉ። ያረጀ ሳንቲም በንጉሡ ጉንጭና በአንበሳው ጎፈር ላይ ማለቅ አለበት። ጉንጩ ለስልሶ አልቆ ሜዳው እንደ መስታወት ካበራ፣ አንድ ሰው ፈትጎታል ማለት ነው። የተፈተገውን መግዛት ወንጀል የለበትም፤ የተፈተገውን ባልተፈተገው ዋጋ መግዛት ነው የሚያስቆጨው።

ሐሰተኞችም አሉ፤ ብዙ አሉ። አሁን ገበያ ላይ የሚታዩት አብዛኞቹ ከመዳብና ከኒኬል ቅይጥ ወይም ከነሐስ ተሠርተው ላያቸው በብር የተቀባ ነው። እዚህ ላይ ተፈጥሮ ትረዳናለች። ከሺው 835 የሆነ ብር ጥግግቱ 10.2 ግራም በኩብ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ 8.9 አካባቢ ነው። ስለዚህ አንድ ሐሰተኛ ስፋቱንም ውፍረቱንም በትክክል ከኮረጀ ክብደቱ ወደ 24.5 ግራም ይወርዳል። ክብደቱን ሊያሟላ ከፈለገ ደግሞ ማወፈር ወይም ማስፋት አለበት። ለዚህ ነው ክብደትና ስፋት አንድ ላይ የምንጠይቀው፤ አንዱ ብቻውን ይዋሻል። ለብዙ ዓመት የተገላበጠ እውነተኛ ብር ጥቂት ሊቀል ይችላል፤ ከ28 ትንሽ ዝቅ ቢል አይደንግጡ። 25 ወይም 26 ካለዎት ግን ወሬው አብቅቷል።

ቤትዎ ሲደርስ ደግሞ ራስዎ ይመርምሩት። የጌጥ መመዘኛ ሚዛን ርካሽ ነው። አንድ ብርጭቆ ውኃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ቁጥሩን ወደ ዜሮ ይመልሱት፤ ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስረው ውኃው ውስጥ ያንጠልጥሉት፤ ታቹንም ጎኑንም እንዳይነካ። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ሳንቲሙ የገፋው ውኃ ክብደት ነው። ለእውነተኛ የምኒልክ ብር 2.75 ግራም አካባቢ መሆን አለበት፤ የሳንቲሙን ክብደት ለዚህ ሲያካፍሉት 10.2 አካባቢ ይመጣል። ማግኔትም ይሞክሩ፤ ከሳበው ብረት አለበት። ካልሳበው ግን ገና አልተረጋገጠም፤ ማግኔት መዳብንም ነሐስንም አይስብምና። ጥቅሉን ሲከፍቱ ከፖስታው ማኅተም ጀምረው በስልክ ይቅረጹት። ክርክር ቢነሣ ከሺህ ቃል የሚበልጥ ማስረጃ ይሆንዎታል።

አሁን ወደ ሰዓቱና ወደ ሒሳቡ። አብዛኛው ሰው «400 ዶላር አለኝ» ብሎ 400 ድረስ ይጫረታል። ስሕተቱ እዚያ ላይ ነው። በጨረታ ቤቶች መዶሻው የሚመታበት ዋጋ ገዢው የሚከፍለው ዋጋ አይደለም። ከላዩ ላይ የገዢ ኮሚሽን ይጨመራል፤ 20 በመቶ የተለመደ ነው፤ ከዚያ የሚበልጥም አለ። የመላኪያ አለ፤ የሽያጭ ግብር አለ፤ በእርስዎ ግዛት 6 በመቶ። ወደ ኋላ እናስላ፦ መዶሻው 300 ዶላር ላይ ቢመታ፣ ኮሚሽኑ 60 ይጨምራል፤ መላኪያው 15 ቢሆን 375 ይሆናል፤ ግብሩን ሲጨምሩ 397 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ስለዚህ በጨረታ ቤት የእርስዎ 400 ዶላር በእውነቱ 300 ዶላር ነው። እንደ ኢቤይ ባለው፣ ኮሚሽኑን ሻጩ በሚከፍልበት ቦታ ደግሞ 360 ይሆናል። ሳንቲሙ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ከሆነ ቀረጥና የአስረካቢው ድርጅት ክፍያ ስንት እንደሚሆን አስቀድመው ካልጠየቁ፣ ደጃፍዎ ላይ የቆመው ፖስተኛ ይነግርዎታል።

ሳንቲሙ ስንት ያወጣል የሚለውንስ እንዴት ያውቃሉ? የዋጋውን ወለል በውስጡ ያለው ንጹሕ ብር ይነግርዎታል። በአንድ የምኒልክ ብር ውስጥ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለ፤ የወርቅና የብር ዋጋ የሚነገርበት መለኪያ የሆነው የአንድ ትሮይ አውንስ ሦስት አራተኛ መሆኑ ነው። የዕለቱን የአውንስ ዋጋ በ0.75 ያባዙ፤ ከዚያ በታች የሚሸጥ ሰው ወይ አላወቀም ወይ ሳንቲሙ ብር አይደለም። ከወለሉ በላይ ያለውን ግን ማንም በመግለጫ ላይ የጻፈውን አይመኑ፤ «ብርቅዬ» የሚለው ቃል ምንም ወጪ የለውም። የተጠናቀቁ ጨረታዎችን ይፈልጉ። ትልልቆቹ ጨረታ ቤቶች ያለፉ ሽያጮቻቸውን ከነፎቶውና ከነዋጋው ክፍት ያደርጋሉ፤ ኢቤይም የተሸጡትን ለይቶ ያሳያል። ልብ ይበሉ፦ የተጠየቀበትን ዋጋ ሳይሆን የተሸጠበትን። አንድ ሰው ለሦስት ዓመት 2,000 ዶላር ብሎ ያልሸጠው ሳንቲም ዋጋው 2,000 ዶላር አይደለም። ስድስት ሰባት ሽያጮችን ከእርስዎ ሳንቲም መልክ ጋር ቢያስተያዩ ልክዎን ያገኛሉ። ያንን ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፉና ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፉት። ቀልድ አይደለም፤ እኔ እስከ ዛሬ የማደርገው ይህንኑ ነው።

በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ለምን እንደ ተነጠቁ ላስረዳ። ብዙ ሰው የሚያስበው ጨረታ እንደ ገበያ ክርክር ነው፤ እሱ 100 ሲል እኔ 110፣ እሱ 120 ሲል እኔ 130። በኢንተርኔት ጨረታ ግን የሚያስገቡት ቁጥር ከፍተኛው አቅምዎ ነው፤ ኮምፒውተሩ በስምዎ እየተጫረተ ከሁለተኛው ተጫራች አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ያደርግልዎታል። 303 ቢያስገቡና ሁለተኛው ሰው 240 ላይ ቢቆም የሚከፍሉት ከ240 ትንሽ ከፍ ያለ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ዊልያም ቪክሪ ይህን ሐሳብ በ1961 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በጽሑፍ ተንትኖታል፤ በ1996 ለኖቤል ሽልማት ካበቁት ሥራዎቹም አንዱ ነው። አሸናፊው የሁለተኛውን ዋጋ የሚከፍል ከሆነ እውነተኛ አቅሙን መደበቅ አይጠቅመውም።

ታዲያ ለምን ሁሉም እስከ መጨረሻው ሰከንድ ይጠብቃል? ምክንያቱም ሰው እንደ ቪክሪ ቀመር አይኖርም። ቀድመው 300 ቢያስገቡ፣ ሌላው «አልፎኛል» የሚል መልእክት ሲደርሰው ስሜቱ ይነሣና ትንሽ ይጨምራል፤ እንደገና ትንሽ። የእርስዎን ጣሪያ በጣቱ እየዳሰሰ እስኪያገኘው ድረስ ያነሣል። በመጨረሻው አሥር ሰከንድ ላይ ከገቡ ግን ለማሰብ ጊዜ የለውም። የነጠቁዎት ሰዎች ከእርስዎ የበለጠ ሀብታሞች ላይሆኑ ይችላሉ፤ አስቀድመው የወሰኑ ናቸው። ስለዚህ እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ፦ እስከዚያ ድረስ አንድ ጊዜም አይጫረቱ፤ ገጹን ምልክት አድርገው ብቻ ያስቀምጡት። ሊዘጋ አሥር ሰከንድ ሲቀረው ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን ቁጥር አንድ ጊዜ ያስገቡ። ክብ ቁጥር አይሁን፤ ሁሉም 300 ስለሚል እርስዎ 303 ይበሉ። ሁለት ሰዎች እኩል ካስገቡ ቀድሞ ያስገባው ያሸንፋልና።

ይህ የሚሠራው ግን የመዝጊያ ሰዓቱ በማይነቃነቅበት ጨረታ ነው። ብዙ ጨረታ ቤቶች አዲስ ዋጋ በገባ ቁጥር ሰዓቱን ያራዝማሉ፤ ወይም አጫራቹ በቀጥታ ስርጭት ቆሞ ያካሂደዋል። እዚያ ሰከንድ መቁጠር ትርጉም የለውም። እዚያ የሚያዋጣው ቁጥርዎን በጽሑፍ ከቀኑ በፊት አስገብቶ ወደ እራት መሄድ ነው። ቀጥታ ስርጭት የሚያዩ ሰዎች ያብዳሉ፤ እኔም አብጃለሁ። አንድ ምሽት ከምኒልክ ዘመን አንድ ሩብ ለመግዛት ገብቼ ከወሰንሁት እጥፍ ከፍዬ ወጣሁ፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ሩብ ስትል ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች።

ዋጋው በማስመሰያ ተጫራች እየተነሣ እንደ ሆነም ይመልከቱ። የሻጩ ወዳጅ ወይም ሻጩ ራሱ በሌላ ስም ገብቶ ዋጋውን ይገፋዋል። ምንም የግዢ ታሪክ የሌለው ስም በዚያው ሻጭ ዕቃዎች ላይ ብቻ ደጋግሞ ከታየ፣ ከፍ ያለ ዋጋ አስገብቶ በኋላ ከሰረዘ፣ ወይም ጨረታው ከተዘጋ በኋላ «አሸናፊው አልከፈለም፤ ለእርስዎ በዚያው ዋጋ ልስጥዎ» የሚል መልእክት ከመጣልዎ፣ ትተው ይሂዱ። ገንዘብ ከመድረኩ ውጭ እንዲልኩ የሚጠይቅ ሁሉ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ የገዢ ዋስትናዎን እየነጠቀዎት ነው። ኢቤይ ላይ ያ ዋስትና ዕቃው ሊደርስ ይገባ ከነበረበት ቀን አንሥቶ 30 ቀን ነው። ስለዚህ የውኃውን ምርመራ ለየካቲት አያሳድሩት፤ ሳንቲሙ በደረሰ ዕለት ያድርጉት።

በፕላስቲክ ሳጥን ታሽጎ ደረጃ የተሰጠው ይሻላል ወይ ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። ፒሲጂኤስ እና ኤንጂሲ የተባሉት ሁለቱ የአሜሪካ ድርጅቶች ሳንቲምን መርምረው ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ደረጃ ይሰጡና ያሽጋሉ። ለጀማሪ ገዢ ትልቅ እፎይታ ነው። የታጠበ ወይም ቀለበት የተነቀለበት ከሆነ ቁጥር ሳይሰጡ ጉድለቱን ይጽፉበታል። ሳጥኑም ይኮረጃልና በላዩ ያለውን ቁጥር በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ያስገቡ፤ እዚያ ካለው ፎቶ ጋር ጭረት በጭረት ያስተያዩ። ለእርስዎ ጉዳይ ግን ብዙም አልገፋዎትም፤ አባትዎ በእጃቸው ሊይዙት የሚፈልጉትን ነገር በፕላስቲክ አሽጎ መስጠት ይከብደኛል።

ስለ ጠገራውም ትንሽ ልበል፤ በተመሳሳይ ጨረታ ላይ ጎን ለጎን ስለሚያዩት። የማሪያ ትሬዛ ብር ላይ 1780 የሚለው ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ በዚያው ቁጥር ሲመታ ኖሯል። ቪየና ዛሬም ይመታል። ሙሶሊኒ ለወረራው ገንዘብ ሲያስፈልገው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1935 ጀምሮ ሮም ላይ አስመትቷል፤ ለንደንና ቦምቤይም ተመትቷል። ስለዚህ «የ240 ዓመት ሳንቲም» የሚል ሻጭ ካዩ ፈገግ ብለው ይለፉ። ከብር ዋጋው ብዙም ከፍ ሳይል የሚገኝ፣ የተለመደ ሳንቲም ነው። አያቶቻችን ግን ከዛሬ ደረጃ ሰጪዎች በፊት ደረጃ ሰጪዎች ነበሩ፤ በዘውዷና በደረቷ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች በጣታቸው እየቆጠሩ፣ ያለቀ ከሆነ አንቀበልም ይሉ ነበር።

የአክሱሙን ግን አልመክርዎትም። አክሱም ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ምዕተ ዓመት የራሱን ወርቅ፣ ብርና መዳብ መቷል። ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል በሳንቲሙ ላይ የነበረው ጨረቃና ክብ ወጥቶ መስቀል ገብቷል፤ ይህን በእጅ መያዝ እንዴት እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። ነገር ግን ከመሬት የወጣ ሳንቲም ከየት እንደ ወጣ፣ መቼና በማን ፈቃድ ድንበር እንደ ተሻገረ የሚያስረዳ ወረቀት ያስፈልገዋል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከኢትዮጵያ ማውጣት ክልክል ነው። «ዘመድ በሻንጣ ያመጣልኛል» የሚል ሐሳብ ካለ ይርሱት። የመዳብ አክሱሞች ደግሞ በሐሰተኛ የተጥለቀለቁ ናቸው፤ እርስዎ በያዙት ሚዛንና ውኃ አይለዩም።

ወደ እርስዎ ሳንቲም ልመለስ። ሻጩ በሁለት ቀን ውስጥ ሦስቱን ጥያቄዎች ከመለሰ፣ ክብደቱ 28 አካባቢ፣ ስፋቱ 40 ከሆነ፣ የተሸጡትን ዋጋዎች አይተው ልክዎን ይወስኑና በመጨረሻው አሥር ሰከንድ ይግቡ። የርዕሱን ስሕተት አይንገሩት፤ ግዴታ የለብዎትም፤ ካሸነፉ በኋላ ግን ቢነግሩት ደግ ነው። ካልመለሰ ይተዉት፤ የምኒልክ ብር ተመልሶ ይመጣል። ሲፈልጉም በ«ምኒልክ» ብቻ አይፈልጉ፤ ፊደላችንን የማያውቁ ሻጮች የማይሆን ስም ይሰጡታል። አንድ ጊዜ ያማረ አላድ «የአርመን ሜዳሊያ» በሚል ርዕስ ሥር አግኝቼ ያለ ተፎካካሪ ገዝቻለሁ።

አንድ የግል አስተያየት ልጨምር፤ ሰብሳቢ ጓደኞቼ ቢሰሙ ይቆጡኛል። ጠርዙ ላይ የቀለበት ጠባሳ ያለበት ብር ለሰብሳቢ የተበላሸ ነው፤ ዋጋውም ከደህናው ብዙ ዝቅ ይላል። አባትዎ ግን የሚያስታውሱት በአንገት ላይ የነበረ ብር ነው። በ100 እና በ150 ዶላር መካከል እንዲህ ያለ ቢያገኙ፣ 400 ዶላር ከሚያወጣው ንጹሕ ይልቅ እሱን እመርጥልዎታለሁ። የአንዲት ሴት አንገት የሚያውቅ ብር ነውና።

ሲሰጧቸው በወረቀት ወይም በጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው ይስጧቸው፤ ለስላሳውና የሚሸተው የፕላስቲክ ከረጢት ብርን አረንጓዴ ያደርገዋል። አባትዎ ሳንቲሙን ሲያዩ መጀመሪያ የሚያደርጉት በመሐረባቸው መወልወል ነው። እጃቸውን ያዝ ያድርጉና «አባባ፣ ጥቁረቱ ዋጋው ነው» ይበሏቸው። እንቢ ካሉ ይተዉአቸው፤ ብሩ የእርሳቸው ነው።